«ቪዛዬ ገና ጊዜ አለው» ላሉን ጠያቂ፦ ከመውጣትዎ በፊት ቀኑን ይቁጠሩ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እኅታቸው ስትወልድ ሊያርሷት በጎብኚ ቪዛ መስከረም 30 ቀን አሜሪካ ገቡ። ከዚያ ወዲህ አንድ ኮሌጅ ተቀብሏቸው፣ በኦገስት ለሚጀመር ትምህርት አይ-20 የተባለውን ሰነድ ልኮላቸዋል። ሰኔ 5 ቀን በጻፉልን ደብዳቤ፣ «ቪዛዬን እዚሁ ሆኜ ወደ ተማሪ ልቀይር ወይስ አዲስ አበባ ደርሼ በሁለት ሳምንት ልመለስ? ፓስፖርቴ ላይ ያለው ቪዛ እንደሆነ ገና ጊዜ አለው» ሲሉ ይጠይቃሉ። በደብዳቤው መጨረሻም የዘመድ ሱቅ «እያገዙ» እንደቆዩ፣ ሊያገቡት ያሰቡት ሰውም «ወረቀት ያለው» መሆኑን ጠቅሰው አልፈዋል።

ውድ ጠያቂያችን፣ የጠየቁኝን ቶሎ ልመልስና ወዳልጠየቁኝ ልለፍ፤ የእርስዎ ጉዳይ የሚወሰነው ባልጻፉት ነገር ነው ብዬ እሰጋለሁና።

አገር ውስጥ ሆኖ ከጎብኚ ወደ ተማሪ ለመቀየር፣ የተፈቀደው የቆይታ ጊዜ ሳያልቅ ቅጽ አይ-539 ለአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት መግባት አለበት፤ ከእርሱም ጋር አይ-20፣ የ350 ዶላሩ የተማሪዎች መመዝገቢያ ክፍያ ደረሰኝና ትምህርቱን የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ይቀርባል። ለውጡ ሳይፈቀድ ክፍል መግባት አይቻልም። ማመልከቻው ሳይወሰን ከአገር የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። ለውጡ ቢፈቀድም የሚያገኙት የተማሪነት የቆይታ ፈቃድ እንጂ ቪዛ አይደለም፤ ስለዚህ በሌላ ጊዜ ወጥተው መመለስ ሲፈልጉ ኤምባሲ መቅረብዎ አይቀርም። ወጥቶ የመመለሱ መንገድ ደግሞ በቀጥታ አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ሲሆን፣ ቪዛው ከተገኘም ትምህርቱ ከሚጀመርበት ቀን በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ መግባት ይቻላል። ሁለቱም መንገዶች ሕጋዊ ናቸው። ለእርስዎ ግን ሁለቱም ክፍት መሆናቸውን እጠራጠራለሁ።

በደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ቀን ጎድሏል። የገቡበትን ቀን ነግረውኛል፣ የቪዛውን ጊዜ ነግረውኛል፣ የትምህርቱን መጀመሪያም ነግረውኛል፤ የመግቢያ መዝገብዎ፣ የአይ-94ዎ፣ ቀን መቼ እንደሚያበቃ ግን አልነገሩኝም። ሆን ብለው ደብቀውኛል አልልም። እንደ ብዙዎቹ ወገኖቻችን የቪዛው ቀንና የመቆያው ቀን አንድ መስሎዎት ይሆናል፤ በሥራዬ ደጋግሜ የማየውና ሰዎችን ከልጆቻቸው ሲለይ የኖረው ወጥመድ ይኸው ነው።

ፓስፖርትዎ ላይ የተለጠፈው ቪዛ አውሮፕላን ተሳፍረው ድንበር ላይ ለመግባት የሚጠይቁበት ሰነድ ነው። ምን ያህል ጊዜ መቆየት እንደሚችሉ የሚወስነው የድንበር መኮንኑ ሲሆን፣ ውሳኔውም የሚሰፍረው አይ-94 በተባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ ነው። ለጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ስድስት ወር ነው፤ ፓስፖርቱ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ ከዚያም ሊያጥር ይችላል። ቪዛው የአምስት ዓመት እንኳ ቢሆን፣ አይ-94 ካለፈ አንድ ቀን ያደረ ሰው ጊዜውን አሳልፏል።

አሁን እንቁጠር። መስከረም 30 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 10 ነው። ስድስት ወር ከተሰጠዎት የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 9 ነበር። ደብዳቤውን የጻፉት ሰኔ 5፣ ማለትም ጁን 12 ነው። ግምቴ ትክክል ከሆነና በመካከሉ ያስገቡት የማራዘሚያ ጥያቄ ከሌለ፣ በጻፉልኝ ዕለት ጊዜው ካለፈ 64ኛ ቀንዎ ነበር። ይህን ስጽፍ እንደሚደነግጡ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዛሬ መደንገጥ ከስድስት ወር በኋላ ቦሌ ላይ ሆኖ ከመደንገጥ ይሻላል።

ከዚህ አንድ ቀን ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ አገር ውስጥ ሆኖ የመቀየሩ መንገድ በመሠረቱ ተዘግቷል። ዘግይቶ የገባ ማመልከቻ ሊታይ የሚችለው መዘግየቱ ከአመልካቹ ቁጥጥር ውጪ በሆነ ያልተለመደ ምክንያት የመጣ መሆኑ ሲረጋገጥና ሌላ ጥሰት ሳይኖር ሲቀር ብቻ ነው፤ «ሳላውቅ ቀረሁ» የሚለው ምክንያት ደግሞ ከዚህ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ «ገና ጊዜ አለው» ያሉት ቪዛ በሕጉ መሠረት ጊዜዎ ካለፈበት ዕለት ጀምሮ በራሱ ተሰርዟል፤ በላዩ ላይ የተጻፈው ቀን አያድነውም። ስለዚህ አዲስ አበባ ደርሰው በዚያው ቪዛ በሁለት ሳምንት መመለስ የሚባል ነገር የለም። የተማሪ ቪዛ ለማግኘትም ከኤምባሲው ፊት እንደ አዲስ ይቆማሉ፤ ማመልከቻውም ከተፈቀደልዎት ጊዜ በላይ ቆይተው እንደሆነ በግልጽ ይጠይቅዎታል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ከ180 ቀን በላይ፣ ግን ከአንድ ዓመት ያነሰ ቆይቶ በራሱ ፈቃድ የወጣ ሰው ለሦስት ዓመት መመለስ ይከለከላል፤ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ የወጣ ደግሞ ለአሥር ዓመት። ሕጉ እንደዚህ የሆነው በፈረንጆቹ 1996 በወጣው የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ነው። ሰዎች የማይረዱት፣ ክልከላውን የሚቀሰቅሰው መቆየቱ ሳይሆን መውጣቱ መሆኑን ነው። አሜሪካ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ምንም ያልተከለከለ ሰው፣ «ወጥቼ ነገሩን ላስተካክል» ብሎ አውሮፕላን በተሳፈረበት ቅጽበት በሩን በራሱ እጅ ይዘጋል። እናቷ ያረፈባት አንዲት ደንበኛዬ ለቀብር ስትቸኩል ያማከረችው ጠበቃ አልነበረም። የደወለችልኝ ከሠልስቱ በኋላ ከአዲስ አበባ ሆና ነው፤ ጊዜዋ ካለፈ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። ሕፃን ልጇ እዚህ ቀርቶ ስለነበር ያን የስልክ ጥሪ አልረሳውም። የይቅርታ ማመልከቻ አለ፤ ግን የሚታየው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ የከፋ ችግር እንደሚደርስበት ሲረጋገጥ ነው። ልጅም ሆነ እኅት ለዚህ አይቆጠሩም።

ለእርስዎ በቆጠርነው ስሌት 180ኛው ቀን ኦክቶበር 6 ላይ ይውላል። ከዚያ አስቀድመው ከወጡ የሦስት ዓመቱ ክልከላ አይነካዎትም። ይህ ማለት ግን የተማሪ ቪዛ ያገኛሉ ማለት አይደለም፤ ጊዜ ያሳለፈ አመልካች ከቃለ መጠይቁ ፊት ከባድ ሸክም ተሸክሞ ነው የሚቆመው፣ ተመልሼ ወደ አገሬ እሄዳለሁ የሚለውን ቃሉንም ማስረዳት ይኖርበታል። ከወጡ የመሳፈሪያ ካርድዎንና የቦሌ መግቢያ ማኅተም ያለበትን ገጽ ይያዙ፤ መቼ እንደወጡ ማሳየት ያስፈልግዎታልና።

ከኤፕሪል 9 በፊት ማራዘሚያ አስገብተው ውሳኔ እየጠበቁ ከሆነ ስሌቱ ሁሉ ይለወጣል። በጊዜው የገባ ማመልከቻ ሳይወሰን የሚያልፉት ቀናት ከ180ው ውስጥ በአብዛኛው አይቆጠሩም፤ ወደ ተማሪ የመቀየሩም መንገድ በዚያ ማመልከቻ ውጤት ላይ ተንጠልጥሎ ሊቆይ ይችላል። ደረሰኙ ካለ ዛሬውኑ ይፈልጉት።

እዚህ ላይ የሱቁ ነገር ይመጣል። ያለ ፈቃድ የሠራ ሰው አሁን የነገርኩዎትን ጥበቃ ያጣል፣ የጎብኚነት ፈቃዱንም ይጥሳል። «ዘመድ ነው፣ ደመወዝ አልቀበልም» ሊሉኝ ይችላሉ፤ በምላሹ መኝታና ምግብ ካገኙ ግን እርሱም ክፍያ ነው ሊባል ይችላል። ስለዚህ ያቁሙ። ለሥራ የሚሞላ ቅጽ አቅርበውልዎት ከሆነና ዜጋ ነኝ በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደረጉ ከሆነ፣ ይህን ከሁሉ አስቀድመው ለጠበቃዎ ይንገሩ፤ ሐሰተኛ የዜግነት ቃል ዕድሜ ልክ የሚከተልና ለግሪን ካርድ በሚጠይቁበት ጊዜ ይቅርታ የሌለው ጥፋት ነው።

«ወረቀት ያለው» ስላሉት ሰው ደግሞ ትንሽ ልቆጣዎት። ይህ አነጋገር በመካከላችን የተለመደ ቢሆንም በሕግ ፊት ምንም አይናገርም። ዜጋ ከሆነና ትዳሩ እውነተኛ ከሆነ፣ እርስዎ በመኮንን ተፈትሸው በቪዛ የገቡ ስለሆኑ ጊዜው ማለፉ ብቻ እዚሁ ሆነው ግሪን ካርድ ከመጠየቅ አያግድዎትም፤ ያን ጊዜ ወጥቶ መመለስ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ሊሆን ይችላል። ግሪን ካርድ ብቻ ካለው ግን ይህ ዕድል ጊዜ ላሳለፈ ሰው የተዘጋ ነው። ጥገኝነት ጠይቆ የሥራ ፈቃድ ብቻ የያዘ ከሆነ ለእርስዎ የሚያስገኘው ነገር የለም፤ ጥገኝነቱ ከተፈቀደለት በኋላ ቢያገባዎትም በጥገኝነቱ በኩል ሊያስከትልዎት አይችልም፣ ጋብቻው ከፈቃዱ መቅደም ነበረበትና። ይህን የምጽፈው ለወረቀት ብለው እንዲያገቡ አይደለም። ለወረቀት የተደረገ ጋብቻ ከታወቀ፣ ከዚያ በኋላ በእውነተኛ ትዳር እንኳ የሚቀርብን ጥያቄ ያስዘጋል። በአዲስ አበባው ማመልከቻ ላይም ስለ እኅትዎና ስለ እጮኛዎ ሲጠየቁ እውነቱን መመለስ ግዴታዎ ነው፤ አንዲት ሐሰት ከሁለት ወር መዘግየት የበለጠ ታስከፍላለች።

የዚህን ሁሉ ዝርዝር መልሰው እንዳይጽፉልኝ። ከጠበቃ ጋር በቢሮው የሚነጋገሩት ምስጢር በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በአደባባይ የጻፉት ግን አይደለም። አይ-94ዎን ከጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ድረ ገጽ በፓስፖርት ቁጥርዎ ያውጡና ያትሙት። ፓስፖርቱን ከነማኅተሙ፣ አይ-20ውን፣ ማንኛውንም የማመልከቻ ደረሰኝና የእጮኛዎን ሰነድ ቅጂ ይዘው ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወይም በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና የተሰጠው ወኪል ዘንድ ይቅረቡ። ቅጽ በመሙላት የሚተዳደሩ ሰዎች ደግ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሕግ የመምከር ፈቃድ ግን የላቸውም። ኮሌጁም ለኦገስት የሰጠውን አይ-20 ወደሚቀጥለው የትምህርት ወቅት ሊያሸጋግርልዎት ይችል እንደሆነ የውጭ ተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊውን ይጠይቁ። ቲኬት አስቀድመው ገዝተው ከሆነም፣ የጠበቃው ቀጠሮ ከበረራው ቀን እንዲቀድም ያድርጉ።