መጀመሪያ ቤቱ የማን እንደሆነ ጠይቁ

ልጆቼ፣

ድሬዳዋ ውስጥ ቤት ስሠራና ሳድስ ፀጉሬ ሸበተ። አሁን ተራው የናንተ ነው። ሙቀት ለመቀነስ፣ የመብራት ወጪ ለማቅለል መለኪያ ይዛችሁ ሰው ቤት ትገባላችሁ።

እኔም በወጣትነቴ መጋላ ሰፈር አንዲት እናት ቤት እንዲሁ ገባሁ። እኩለ ቀን ነበር። አንድ ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ከሥሩ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ኮርኒስ መሃሉ ረግቧል። ጥግ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ። እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች። ቀና ብዬ አየሁና "ይሄን ጣዪና ችፑድ አሠሪ" አልኳት። በድሬ ወግ ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ነው የምንለው። ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ልጄ፣ ቤቱ እኮ የቀበሌ ነው። ነገ ልቀቂ ብባል ኮርኒሱን ተሸክሜ ልሂድ?" አለችኝ።

መልስ አጣሁ።

የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ ከዚራ ሰፈር ግቡ። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ በረንዳ፣ የዛፍ ጥላ። ፀሐዩ ግን ያው ነው። እዚያ የሠራው የባቡር ገንዘብ ነው። ወዲህ መጋላ ደግሞ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱት ትርፍ ቤቶች በትንሽ ኪራይ፣ ያለ በቂ ጥገና አረጁ። የግል ኪራይም አይሻልም። ጣሪያው የአከራይ፣ ሙቀቱና የመብራት ሂሳቡ የተከራይ። ተከራዩ ከኪሱ ሲያሳድስ "ቤቱ አምሯል" ተብሎ ኪራይ ሲጨመርበት አይቻለሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወደዚያች እናት ልመለስ። ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ቬንትሌተሯ 50 ዋት ገደማ። ያን ሁሉ ሙቀት ምን ያህል ትገፋለች? ምጣዱን አውጥተን ደጅ ላይ ጥላ ሠራንለት። ግድግዳው ጫፍ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ግራና ቀኝ የአየር መውጫ ከፈትን። ብዙ ወጪ አልጠየቀም። ደጅ ያድሩ የነበሩት ልጆቿ ቤት ውስጥ መተኛት ጀመሩ።

ስለዚህ ስትገቡ መጀመሪያ ጠይቁ። ቤቱ የማን ነው? መብራቱን ማን ይከፍላል? በቀትር ማን እቤት ይውላል? ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውል ሰው ቤቱ ማታ ቢቀዘቅዝለት ይበቃዋል። አራስ ወይም የታመመ ሽማግሌ ያለበት ቤት ግን ቀትሩን ካልቻለ ምንም አልሠራችሁም።

በኋላ ለዚያች እናት በብሎን የሚፈታ ኮርኒስ ሠራሁላት። ከዓመታት በኋላ ቤቱን ስትለቅ ፈታታችው፣ ጋሪ ላይ ጫነችው፣ ይዛው ሄደች።