ምናቸው ነህ?

ልጆቼ፣

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የአርባ ዓመት ወዳጄን ቀበርኩ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሰው «ምናቸው ነህ?» ብለው ጠየቁኝ። «ጓደኛቸው ነኝ» አልኩ። ሽማግሌው በ88 ዓመታቸው ነው ያረፉት፤ እኔ 62 ነኝ። ሰውየው አየት አድርገውኝ ዝም አሉ። ያጽናህ ያለኝ የለም።

ሥራ የጀመርኩት በ1977 ነው፤ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ማተሚያ ቤት፣ በአራሚነት። ጋሼ፣ ያ የቀበርኩት ወዳጄ፣ እዚያ ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደሎችን አንድ በአንድ ለቅመው የሚታተመውን ይደረድራሉ። የእርሳስ ፊደል የሚቀረጸው ተገልብጦ ስለሆነ ለቃሚ የሚያነበው እንደ መስታወት ምስል ነው። የእሳቸው እጅ ግን 231ዱን ፊደል ከነዲቃላው፣ ዓይናቸው ሳያይ ከየሳጥኑ ያነሳ ነበር። አንድ ማታ እኔ አርሜ የፈረምኩበት የሙት ዓመት መታሰቢያ ላይ አውራ ጣታቸው አንድ ፊደል ጋ ቆመ። የሟቹን ስም ተሳስቼ አሳልፌዋለሁ። «ይህን ነገ እናቱ ታነበዋለች» አሉኝ ቀስ ብለው። ፊደሉን ነቅለው ተኩ፤ ለአለቃም ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ከሥራ ስንወጣ አብረን ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርደን ፒያሳ እንወጣለን፤ ቶሞካ ቆመን ቡና እንጠጣለን። ጓደኝነት ያልኩት ግን ኋላ የመጣውን ነው። ኮምፒዩተር ሲገባ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ያ ሳያይ የሚለቅም እጅ በ60 ዓመቱ ኪቦርድ ላይ «ሀ»ን ሲፈልግ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ፊት መንቀጥቀጣቸውን አልደበቁም። «ከእንግዲህ አንተ በለኝ» ያሉኝም ያኔ ነው። አንደበቴ እምቢ አለኝ፤ እስከ መጨረሻው «እርስዎ» እንዳልኩ ቀረሁ።

በ2016 ሰፈራቸው ፈርሶ ከተማው ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ሄዱ። «ሳምንት እመጣለሁ» እል ነበር። ሁለት ጊዜ ብቻ ሄድኩ። መስከረም ላይ ደውለው «መቼ ነው የምትመጣው?» አሉኝ፤ «መስቀል ይለፍና» አልኳቸው። መስቀልም አለፈ፣ እሳቸውም አለፉ። ይህ እስካሁን ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።

ከእናንተ 20፣ 30 ዓመት የሚበልጥ ወዳጅ ያዙ፤ ቀድሟችሁ እንደሚሞትም እያወቃችሁ ያዙት። «መቼ ትመጣለህ?» ያላችሁ ዕለት ተነሱና ሂዱ፤ ታክሲ ሦስቴ መቀያየር ቢሆንም።

ሐዘኑ ሲመጣም ቦታ የሚሰጣችሁ እንዳይመስላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ጓደኛ እዚያ ውስጥ የለም። አልቅሱ፤ ዘመድ አይደለሁም ብላችሁ ወደ ኋላ አትበሉ። ጓደኛ የሞተበት ሰው ስታገኙም ዝምድናውን አትመርምሩ።

እኔ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። አጠገቤ የምትሠራው የ25 ዓመት ልጅ ወንበሯን አስጠጋችና «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ፣ «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

ስለ አውራ ጣታቸው ነገርኳት። ያን ዕለት ማታ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ አብራኝ ወረደች።