«መፍረድ ካልተውኩ ከዲፓርትመንቱ ልውጣ?»

ሰላም እህቴ። የሦስተኛ ዓመት የሶሻል አንትሮፖሎጂ ተማሪ ነሽ። «ደቡብ ኦሞ ለመስክ ሥራ ወርጄ ስለ ሚንጊ ስሰማ ደሜ ፈላ። ክፍል ውስጥ የተማርነው የባህል አንጻራዊነት ትዝ ሲለኝ ደግሞ አፈርኩ። ለዚህ ሙያ አልሆንም መሰለኝ» ብለሻል።

ለማያውቅ አንባቢ፦ እንደ ካራ ባሉ የደቡብ ኦሞ ሕዝቦች ዘንድ የላይ ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን «ሚንጊ» ይባላል። ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ይገደል ነበር። ካራዎች እ.ኤ.አ. በ2012 በይፋ ትተውታል።

ደምሽ ቢፈላ ምንም ነውር የለውም። አንጻራዊነት «ሁሉም ልክ ነው» ማለት አይደለም። መጀመሪያ ተረጂ፣ ፍርዱ ይቆይ የሚል የሥራ ደንብ ነው። የሐሳቡ አባት የሚባለው አንትሮፖሎጂስት ፍራንዝ ቦአስ እንኳን የናዚን ዘረኝነት በአደባባይ አውግዟል። ደግሞ ሚንጊን ከተቃወሙት መካከል የካራ ተወላጆች ራሳቸው አሉበት። «ባህላቸው ነው፣ አትንኩ» ስንል የማንን ድምፅ ነው ባህል ያልነው?

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። የሙርሲ ሴቶች ከንፈራቸው ላይ የሚያደርጉትን ሸክላ በአንድ ቃል «ኋላቀር» ብለሽ አልፈሻል። ኢትኖሴንትሪዝም፣ የሌላውን ባህል በራስ ባህል መለኪያ መመዘን ማለት ይኸው ነው። ሴቷ ለወንዶች ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስታልብ፣ ጭፈራ ሲኖር ነው የምታደርገው። ቱሪስት ሲመጣ ደግሞ ለፎቶ ታስከፍልበታለች። ይህን ጠይቀሻል?

ጂንካ በፕሮጀክት ሠራተኝነት ሳለሁ «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው» የሚል ሪፖርት በየወሩ ይመጣ ነበር። ሰዉ ለምን እምቢ እንዳለ ጠይቆ የሚጽፍ ግን አይገኝም። ደሞዝ የሚያስገኝልሽ ሙያ እሱ ነው።

አባትሽ «ወደ አካውንቲንግ ቀይሪ» ይላሉ። ስለ እንጀራሽ መስጋታቸው ልክ ነው፤ በዲግሪሽ ስም የሚወጣ ክፍት ቦታ ጥቂት ነው። ግን ወንድምሽ በአካውንቲንግ ተመርቆ ቤት መቀመጡን አንቺው ጽፈሻል። ሦስት ዓመት ጥሎ እንደገና መጀመር ስንት እንደሚያስወጣ ወረቀት ላይ አስልተሽ አሳያቸው። ጎን ለጎን ኤክሴልና ኮቦ (የመስክ መረጃ በስልክ መሰብሰቢያ መተግበሪያ) ልመጂ።

ማስተርስ? ይቆይ፤ መጀመሪያ መስክ ላይ ሥሪ።

የመመረቂያ ርዕስ ካልያዝሽ፣ ሚንጊን ያስቆሙትን ሰዎች አነጋግሪ። አስተርጓሚሽም ሴት ትሁን፤ እናቶቹ ወንድ ፊት የልባቸውን ላይነግሩሽ ይችላሉ።