«በረደኝ» ሲሆን «ሚ» የት ገባ? የእንግሊዝኛ ተሳቢ ተውላጠ ስሞች፦ ጥያቄና መልስ

ከሰሜን ሸዋ ተማሪዎችና ወላጆች ስለ «ሚ፣ ዩ፣ ሂም፣ ኸር፣ ኢት፣ አስ፣ ዘም» የቀረቡ ጥያቄዎች ናቸው። እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጽፈነዋል።

ከደብረ ሲና፦ «ሂ»ም «ሂም»ም «እሱ» ነው። በምን ልለያቸው?

በቦታቸው። አድራጊው ከግሱ በፊት ይቆማል፦ «ሂ ሶው»፣ አየ። የታየው ከግሱ በኋላ ይመጣል፦ «አይ ሶው ሂም»፣ አየሁት። በአማርኛ «እሱን» ማለት የሚያስኬድ ከሆነ «ሂም» ነው። ይህ ፈተና ግን ከ«ቱ፣ ፎር፣ ዊዝ፣ ፍሮም» በኋላ አይሠራም፤ «ከእኔ ጋር» ውስጥ «ን» የለችም፣ እንግሊዝኛው ግን «ዊዝ ሚ» ነው። «ዩ» እና «ኢት» በሁለቱም ቦታ አይለወጡም።

ከመሃል ሜዳ፦ ልጄ «በጉን አገኘኸው?» ተብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ «የስ፣ አይ ፋውንድ» ብሎ ያቆማል። መምህሩ ጎደለ ይሉታል። ምኑ ነው የጎደለው?

«ኢት» ነው። ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስህተት ይኸው ስለሆነ በትዕግሥት ያስረዱት። አማርኛ «አገኘሁት» ብሎ ተሳቢውን ከግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚያስር ልጅዎ በ«ፋውንድ» ውስጥም «ት» ያለች ይመስለዋል። የእንግሊዝኛ ግስ ተሳቢ አይሸከምም፤ ለብቻው መባል አለበት፦ «አይ ፋውንድ ኢት»። «ሺፕ» ለአንድም ለብዙም አንድ ስለሆነ በጎቹ ብዙ ከሆኑ «ዘም» ይበል።

ተቃራኒውም አለ። «ብርድ ልብሱን ገዛሁት» የሚለው ቃል በቃል ሲሄድ «አይ ቦት ዘ ብላንኬት ኢት» ይሆናል። ይህ ስህተት ነው፤ ስሙ ከተጠራ «ኢት» አትገባም።

ለልምምድ በ«ሁት፣ ኋት፣ ኋቸው» የሚያልቁ አሥር ግሶች ይጻፍ፤ መጨረሻዋን በመስመር ይለያትና በአንጻሯ «ኢት፣ ሂም፣ ኸር፣ ዘም» እያለ ያስቀምጥ።

ከደብረ ብርሃን፦ «በረደኝ» ውስጥ «ኝ» አለች። ታዲያ «ሚ» ለምን አይገባም?

በእንግሊዝኛ የበረደው ሰው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ስለሚሆን ነው። «አይ አም ኮልድ» ይባላል። ራባት «ሺ ኢዝ ሃንግሪ»፣ ደከማቸው «ዘይ አር ታይርድ»፣ ገንዘብ አለኝ «አይ ሃቭ መኒ»። ራሴን አመመኝ ደግሞ «አይ ሃቭ ኤ ሄድኤክ» ነው። ሆኖም «ኝ» ሁልጊዜ ትጠፋለች ማለት አይደለም፤ ነገሩ ገረመኝ ሲባል «ኢት ሰርፕራይዝድ ሚ» ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ «ቴል ቱ ሚ» ትክክል ነው?

አይደለም፣ «ቴል ሚ» ነው። «ኤክስፕሌይን» እና «ሴይ» ግን «ቱ» ይፈልጋሉ። አስረዳኝ ለማለት «ኤክስፕሌይን ሚ» አይባልም፤ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ነው።

ከአንኮበር፦ አያቴን «ሂም» ማለት ድፍረት አይሆንም?

አይሆንም። እንግሊዝኛ የ«እሳቸው» አቻ የለውም፤ አክብሮቱ በ«ሰር» ወይም በ«ሚስተር» ይገለጻል። «ዘም» ካልክ ሰሚው ብዙ ሰዎች ናቸው ብሎ ይረዳል። ጾታው ላልታወቀ አንድ ሰው «ዘም» የሚባልበት ጊዜ አለ፤ እሱም ቢሆን ለማክበር አይደለም።

ከአረርቲ፦ «ማይ ብራዘር ኤንድ አይ» ወይስ «ኤንድ ሚ»?

ወንድምህን አውጣውና ሞክረው። «ዘ ቲቸር ሶው አይ» አይባልም፣ ስለዚህ «ዘ ቲቸር ሶው ማይ ብራዘር ኤንድ ሚ» ነው። «አይ» የበለጠ የተማረ ስለሚመስል ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። «ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ»ም በዚሁ ይሄዳል።

ከዓለም ከተማ፦ «ተርን ኦፍ ኢት» ብዬ ታረምኩ።

እርማቱ ልክ ነው። ተውላጠ ስም መሃል ይገባል፦ «ተርን ኢት ኦፍ»፣ «ፒክ ዘም አፕ»። ሙሉ ስም ሲሆን ግን «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»ም «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ያስኬዳል። «ሉክ አት ሂም» እና «ዌይት ፎር ኸር» አይከፈሉም፤ እነ «አት» እና «ፎር» መስተዋድድ ስለሆኑ ተሳቢው ሁልጊዜ ከኋላቸው ነው።