«ላብ ፎቅ ላይ ነው፣ ሶሻል ትግባ» ለተባለችው ልጅ እናት

ጥያቄው ባጭሩ፦ የምትጽፍልን እናት ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምትኖረው፣ ልጇ በክራንች ነው የምትንቀሳቀሰው፣ አስረኛን በጥሩ ውጤት ጨርሳ አስራ አንደኛ ናቹራል ልትመዘገብ ስትሄድ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ሰውዬ «ላብ (ቤተ ሙከራው) ፎቅ ላይ ነው፣ ለሷ ሶሻል ይሻላታል፣ ደግሞስ ተመርቃ ማን ይቀጥራታል» ብሎ ፎርም ሰጥቷቸው ፈርሙ አላቸው። «ክፉ ሰው አይደለም፣ አዝኖላት ነው፣ ግን ያስኬዳል ወይ» ትላለች።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ፎርሙን እንዳትፈርሚ። «በራሷ ፍላጎት ሶሻል መርጣለች» የሚል ከሆነ ከፈረምሽበት በኋላ ከለከሉኝ ብትዪ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክርብሻል። ፈርመሽ ከሆነም አላለቀም፣ ዛሬውኑ «ፊርማዬን ሰርዣለሁ፣ ልጄ የምትፈልገው ናቹራል ነው» ብለሽ በጽሁፍ አስገቢ፣ ልጅቷም ትፈርምበት። አቦ ሁሉም ስለሷ ሲወስን እሷን ማን ጠየቃት?

ወደ ሕጉ ስንመጣ አያስኬድም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል፣ አካል ጉዳት የሚለውን በስም አልጠራውም ግን «በሌላ አቋም» የሚለው ውስጥ ይገባል። ከሱ በላይ የሚጠቅምሽ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን ነው፣ ኢትዮጵያ በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃዋለች፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው፣ ስለዚህ «እሱ የውጭ ነው» ካሉሽ እንዳትቀበያቸው። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 24 ትምህርት ቤት ለተማሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም አቅም የሚፈቅደውን ማስተካከያ ያድርግ ይላል፣ አንቀጽ 2 ደግሞ ይሄን መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል።

ሰውዬው አዝኖ ነው ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው እንዲህ ነው፣ የሰደበ ሰው ብዙም አያጋጥመኝም፣ «እንዳትቸገር ብዬ ነው» የሚለው ነው የሚበዛው። ሕጉ የሚያየው ግን የሰውዬውን ሆድ አይደለም፣ የሠራው ሥራ ያመጣውን ውጤት ነው፣ ኮንቬንሽኑም አድልዎን ሲተረጉም ዓላማው ወይም ውጤቱ ነው ያለው። ልጅቷ በሱ እዝነት ፊዚክስና ባዮሎጂ ካመለጣት በኋላ ሕክምናም ኢንጂነሪንግም የለም፣ በቃ።

ላቡ ፎቅ ላይ መሆኑ የሷ ጥፋት አይደለም። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድም ደረጃ መውጣት ለማይችልም መግቢያ ይኑረው ብሎ ደንግጓል። ሊፍት አስገቡ እያልሽ ግን አትሟገቺ፣ በጀት የለም ብለው ዓመቱን ይጨርሱብሻል። የሷን ሴክሽን ምድር ቤት አድርጉልኝ፣ የላብ ሙከራውን ማይክሮስኮፑንና ዕቃውን አውርዳችሁ ታች አሠሩልኝ በዪ፣ ይሄ ምንም የሚያከስራቸው ነገር የለም።

«ማን ይቀጥራታል» ላለው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ፣ አካል ጉዳተኛ በመሆኗ ከሥራ ብትከለከል ትከሳለች፣ አላዳላሁም ብሎ ማስረዳቱም የቀጣሪው ሸክም ነው። ይሄ የማስረጃ ነገር ግን ለሥራ ነው፣ ለትምህርት ቤት አይሠራልሽም፣ ስለዚህ ወረቀት መያዝ ያለብሽ አንቺ ነሽ።

እንዲህ አድርጊ። ለርዕሰ መምህሩ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፊ፣ ውጤቷን አያይዢ፣ መጨረሻ ላይ «የማትቀበሉ ከሆነ ምክንያቱ በጽሁፍ ይሰጠኝ» በዪ፣ መዝገብ ቤት አስገብተሽ ኮፒሽ ላይ ቁጥርና ማህተም አስመቺ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚፈታው፣ በአፍ «ሶሻል ይሻላታል» ያለ ሰው ፈርመህ ስጠኝ ሲባል ምዝገባው ክፍት መሆኑ ትዝ ይለዋል። ዝም ካሉሽ ያንኑ ኮፒ ይዘሽ ትምህርት ቢሮ፣ እዚያም ካልሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂጂ፣ አቤቱታ በነፃ ነው የሚቀበለው። ፍርድ ቤት መጨረሻ ላይ ነው፣ መብቱ አለሽ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37፣ ግን ቀጠሮው እስኪደርስ ሴሚስተሩ ያልቃል።

ማመልከቻው ምዝገባው ሳይዘጋ ይግባ፣ ከተዘጋ ሌላ ሰበብ ነው የምትሰጫቸው።