«ምን ልርጭ?» ከማለትዎ በፊት፦ የነፍሳትና የተባይ ጥያቄና መልስ

የሰሞኑን ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ ሳነባቸው አብዛኞቹ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ምን ልርጭበት?» «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ የሚጀምር ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ሁለተኛው ሳይመለስ የመጀመሪያውን መመለስ አልችልም። መድኃኒት ፍለጋ የመጣችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

ሸረሪት ከነፍሳት ትቆጠራለች ወይ? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል።

አትቆጠርም። ነፍሳት ስድስት እግር ነው ያላቸው፣ እሷ ስምንት አላት።

ይህን ካነሳን አይቀር፣ የቲማቲም ቅጠል ሥር ያሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ፎቶ የላክሽልኝ እህት፣ የአንቺም ተባይ ባለስምንት እግር ነው። ገበሬው «ቀይ ሸረሪት» የሚለው ነው። ብዙዎቹ የነፍሳት መድኃኒቶች እሱን ትተው እሱን የሚበሉትን ይገድላሉ። ረጭተሽ የባሰብሽ ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ከጅማ አካባቢ የጻፉልኝ ገበሬ በቆሎአቸውን ትል እየበላባቸው ነው። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ረጭተዋል፣ አልሞተም። «ሦስተኛውን ንገሩኝ» ይላሉ። የላኩት ፎቶ ከሩቅ የተነሳ ማሳ ነው፤ ትሉ አይታይም።

ሦስተኛውን አልነግርዎትም። ትሉ ምን እንደሆነ አላውቅማ! በሁለት መድኃኒት ገንዘብዎ ወጥቷል። በሦስተኛውም በግምት እንዲያወጡ አልፈልግም።

በአገራችን በቆሎ የሚበላ ትል አንድ ዓይነት አይደለም። ቢያንስ ሦስቱን መለየት ያስፈልጋል፦ መጤ ተምች፣ ነባሩ ተምች እና አገዳ ቆርቁር። ሦስቱም የእሳት ራት ልጆች ናቸው፣ ሦስቱም በቆሎ ይበላሉ። አኗኗራቸው ግን የተለያየ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራውም የማይሠራውም በአኗኗራቸው ነው።

አሁን ማሳው ውስጥ ይግቡና አንዱን ይያዙ። አይነድፍም። ትልልቁን ይምረጡ፣ ምልክቱ እሱ ላይ ጎልቶ ይታያል። መዳፍዎ ላይ ያድርጉትና ጭንቅላቱን ከፊት ለፊት ይመልከቱ። የተገለበጠ የእንግሊዝኛ «ዋይ» የሚመስል ነጣ ያለ መስመር አለ? ከዚያ ወደ ጅራቱ ይሂዱ። ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል ላይ፣ ጀርባው ላይ፣ አራት ጥቋቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ተቀምጠዋል? ሁለቱም ካሉ መጤ ተምች ነው። የልጆችዎ ስልክ ካሜራ ካለው ያንን ቦታ ቀርበው ያንሱልኝ፤ ከማሳው ፎቶ ይልቅ የሚጠቅመኝ እሱ ነው።

መጤው ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። አፍሪካ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ በ2017 መጀመሪያ እኛ ጋ ደረሰ፤ መጀመሪያ የተገኘው ሸካ ዞን የኪ ወረዳ ነው። የሚመገባቸው የእፅዋት ዓይነቶች ከ350 በላይ ተመዝግበዋል፣ በቆሎን ግን በተለይ ይወዳል። ቀን ቀን በቆሎው እምብርት ውስጥ፣ አዲሱ ቅጠል ተጠቅልሎ ከሚወጣበት መሃል፣ ይደበቃል። በላዩ ላይ ሰጋቱራ የሚመስል ኩሱ ይከመራል። እኩለ ቀን ላይ ከላይ ከላይ ቢረጩ መድኃኒቱ ቅጠሉ ላይ ይቀራል፤ ትሉ እምብርቱ ውስጥ፣ ከራሱ ኩስ ሥር፣ በሰላም ተኝቷል። የመጀመሪያ ሁለት ርጭቶችዎ እንዲህ ከነበሩ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ላይሆን ይችላል።

ነባሩ ተምች የሚታወቀው በመንጋነቱ ነው። ሲበዛ ጥቁር ይሆናል፣ ተከታትሎ ይጓዛል፣ የግጦሽ ሣር፣ ጤፍና ገብስ ሳይቀር አጭዶ ያልፋል። እንደ መጤው እምብርት ውስጥ ተደብቆ አይከርምም፣ ግንባሩ ላይ ያለው ምልክትም ደብዛዛ ነው። ትናንት አረንጓዴ የነበረ መስክ በድንገት ከተላጨ መጀመሪያ እሱን ይጠርጥሩ።

አገዳ ቆርቁር ደግሞ ሲያድግ አገዳው ውስጥ ይገባል። መሃል ያለው ቅጠል ደርቆ ሲጎትቱት ብቅ ካለልዎት፣ አገዳውን ሰንጥቀው ይዩ። ክሬም ወይም ሮዝ መሳይ ትል ካገኙ እሱ ነው። አንዴ አገዳ ውስጥ ከገባ ከላይ የሚረጭ ነገር አያገኘውም። ለዚህኛው ዋናው ሥራ ከአጨዳ በኋላ ነው፤ ማሳ ላይ የቀረው አገዳ ውስጥ ስለሚከርም ያንን አገዳ ማስወገድ ያስፈልጋል።

ልዩነቱ ገባዎት? አንዱን ገና ትንሽ ሳለ፣ በማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ እምብርቱን አነጣጥሮ መያዝ ነው። ሌላውን መንጋው ሳይስፋፋ መድረስ ነው። ሦስተኛውን ዘንድሮ ከማሳደድ ለሚቀጥለው ዓመት ማደሪያ መንፈግ ነው። መጤው ሆኖ ከተገኘና ማሳዎ አነስተኛ ከሆነ እንቁላሉን ፈልጎ መጨፍለቅ ትልቅ ሥራ ይሠራል። እንቁላሉ በመቶ እየሆነ ቅጠል ላይ ተለጥፎ፣ ፀጉር መሳይ ነገር ለብሶ ይገኛል። ሲፈለፈል የማይታዩ ጥቃቅን ትሎች ናቸው፤ ከሚበሉት ምግብ አብዛኛውን የሚበሉት ግን በመጨረሻዎቹ የዕድገት ቀናቸው ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ጎልቶ ሲታይዎት ትሉ ጨርሶ ወደ አፈር ሊወርድ ተቃርቧል፣ ርጭቱም ዘግይቷል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ማሳው ውስጥ ፈዞ የቆመ፣ የማይበላ ትል ካገኙና አጠገቡ ትንሽ ነጭ የሐር ጥቅል ካዩ አይንኩት። ያ ጥቅል የአንዲት ደቂቅ ተርብ ልጅ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን ትሉ ሆድ ውስጥ ትጥላለች፣ ልጇ ከውስጥ በልታ ትወጣለች። ከእነዚህ ተርቦች አንዷ ኮቴሲያ ኢሲፔ ትባላለች፤ እዚሁ ኢትዮጵያ መጤ ተምችን ስታጠቃ ተገኝታለች። በግምት የሚረጭ ሰው መጀመሪያ የሚጨርሰው እሷን ነው።

ትሉን በጠርሙስ ከነቅጠሉ ይያዙና ለቀበሌዎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያሳዩት። ሦስተኛውን መድኃኒት መግዛት ካስፈለገ ያኔ ይግዙ።

አንድ አባት ለበቆሎአቸው የገዙትን የነቀዝ እንክብል ልጆች በሚተኙበት ክፍል ካስቀመጡት ጆንያ ውስጥ ጨምረዋል። «ሽታ አለው፣ ችግር አለው?» ይላሉ።

አባቴ፣ ይህን እያነበቡ ከሆነ ሁሉንም ሰው አሁኑኑ ከዚያ ክፍል ያስወጡ። በርና መስኮቱን ይክፈቱ፤ ራስዎም እዚያ አይቆዩ። እንክብሉን በእጅዎ ለመልቀም አይሞክሩ፣ ውኃም አያፍስሱበት። ከነቀዝ እንክብሎች ብዙዎቹ አልሙኒየም ፎስፋይድ ናቸው። እርጥበት ሲያገኙ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ። ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ነው፣ ሰውንም ይገድላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሽታው ጠፋ ማለትም አደጋው አለፈ ማለት አይደለም።

ከቤተሰቡ አንዱ ካስመለሰው፣ ካዞረው፣ ደረቱን ካፈነው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወደ ሆስፒታል ነው፣ ጠዋት ሳይባል። የእንክብሉን ዕቃ ወይም ስሙን ይዛችሁ ሂዱና ለሐኪሙ ንገሩ። ጆንያውን የማውጣቱን ሥራ ደግሞ ሥልጠናው ያለው የግብርና ባለሙያ መጥቶ ይምራው። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው። ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ ይህ እንክብል መቼም ቢሆን አይገባም።

ለከርሞ ሌላ መንገድ አለ። የበቆሎ ነቀዝ እናት ፍሬውን በአፏ ትበሳለች፣ እንቁላሏን ታስገባለች፣ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ይህን ገና ማሳ ላይ እያለ ልትጀምር ትችላለች። ንጹሕ መስሎ የገባ እህል ከሳምንታት በኋላ የሚነቅዘው ለዚህ ነው። በደንብ የደረቀ እህል አየር በማያስገባው ባለሦስት ድርብ ከረጢት፣ ፒክስ በሚባለው፣ አጥብቀው ካሰሩት ግን ውስጥ ያለው ነፍሳት ያለውን አየር ይጨርስና ይሞታል። መርዝ የለ፣ ጋዝ የለ።

የበረሃ አንበጣ ለሰው ምግብ ይሆናል ይባላል። እውነት ነው?

ይበላል፤ ነገር ግን መንጋ ሲመጣ ርጭት ይከተላል። የተረጨበትንና ያልተረጨበትን በዓይን መለየት አይቻልም፣ ስለዚህ አትብሉ።

ከደሴ የጻፈች አንባቢ ግቢዋ ውስጥ ትልቅ አረንጓዴ «አንበጣ» አይታ እንቅልፍ አጥታለች። የ2012ቱ መንጋ ሊመለስ ነው ወይ?

አይዞሽ። የላክሽው ፎቶ ጥሩ ነው፣ አንቴናዋ በግልጽ ይታያል፤ ከሰውነቷ ይረዝማል፣ እንደ ክር ቀጭን ነው። አንበጣና ፌንጣ አጭርና ወፈር ያለ አንቴና ነው ያላቸው። የአንቺዋ አንቴናቸው ረጅም ከሆነው ከሌላው የፌንጣ ዘመዶች ወገን ናት፤ አንበጣ አይደለችም።

በነገራችን ላይ የእናንተ አካባቢ የዚያ ወገን የራሱ ተባይ አለው። ደገዛ ይባላል። ክንፉ አጭር ነው፣ አይበርም፤ ጤፍና ማሽላ ላይ ግን ብርቱ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። ለእኔ በጣም ከሚያስደንቁኝ ነፍሳት አንዱ ነው፣ ማሽላ የሚያበላው ገበሬ ባይስማማኝም።

መንጋን የሚያሳስብሽ አንድ ብቻዋን የታየች አንበጣ እንኳ አይደለችም። የበረሃ አንበጣ ብቻውን ሲሆን ዓይን አፋር ነው። ዝናብ አግኝቶ ሲበዛና ሲጠጋጋ የኋላ እግሮቹ እርስ በርስ ይነካካሉ፣ በሰዓታት ውስጥ ጠባዩ ተለውጦ መሰሎቹን መፈለግ ይጀምራል። መልኩም ይለወጣል፤ ኩብኩባው ጥቁርና ቢጫ ይሆናል፣ ክንፍ ሲያወጣ መጀመሪያ ሮዝ፣ ለመራባት ሲደርስ ቢጫ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል። ሌላ ዓይነት አንበጣ ላይ ሊቃውንቱ ራሳቸው ብቸኛውንና የመንጋውን ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች አድርገው ይቆጥሩ ነበር፤ አንድ መሆናቸውን የነፍሳት ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ እ.ኤ.አ. በ1921 እስኪያሳይ ድረስ። ሮዝ ወይም ቢጫ ሆነው በብዛት አርፈው ካየሽ ግን ቁጭ ብለሽ ለእኔ አትጻፊ፣ በቀጥታ ለወረዳው ግብርና ደውዪ።

ጎመኔን ጥቋቁር እሾሃማ ትሎች ወረሩት። አመድ ነሰነስኩ፣ ለቀምኩ፣ አሁንም አሉ።

እባክሽ መልቀሙን አቁሚ! ፎቶው ላይ ያሉት ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለባቸው ትንንሽ አዞ መሳዮች የዚያች ቀይ፣ ክብ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ ልጆች ናቸው። ጎመንሽን አይበሉም። የሚበሉት ቅጠሉ ሥር ያለውን አመድማ ክሽክሽ፣ የተክል ጭማቂ የሚመጠውን ጥቃቅን ተባይ፣ ነው፤ አንዷ እስክታድግ ድረስ በመቶ የሚቆጠር ትጨርሳለች። ክሽክሽ ያለ ወንድ፣ ያለ እንቁላል፣ ሕያው ልጅ እየወለደ ነው የሚባዛው። የሚቀድመውን አጋር እየለቀምሽ መጣልሽ ነው ያሳዘነኝ። ክሽክሹን በውኃ እጠቢ፣ እነሱን ተዪያቸው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ለኮርሱ ነፍሳት ሰብስቧል፣ አንዳንዶቹ ጠቆሩበት፣ አንዳንዶቹ ተሰባበሩበት። እንዴት ላስቀምጥ?

ትሎችን በቁማቸው አልኮል ውስጥ አትክተት፣ ይጠቁራሉ። መጀመሪያ ሊፈላ የደረሰ ውኃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ፣ ከዚያ 70 በመቶ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ አልኮል። ቢራቢሮ በታጠፈ ወረቀት። ጥንዚዛ በመርፌ፣ ሁልጊዜ በቀኙ የክንፍ ሽፋን በኩል፤ ግራው ሳይነካ እንዲቀር። ሌላውን ሁሉ ለመግደል ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ማሳደር ይበቃል።

አሁን ያልጠየቅከኝን ልመልስልህ፤ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነውና። ሳጥንህን ፎቶ አንስተህ ልከሃል። መርፌዎቹ ቀጥ ብለዋል፣ ክንፎቹ አምረዋል። አንድም መለያ ወረቀት የለም። እንግዲህ እነዚህ ነፍሳት የትም ያልተገኙ፣ መቼም ያልተያዙ ናቸው ማለት ነው። ያንን ወረቀት ሳትጽፍ ወደ ቤት አትግባ። ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ከፍታው። ማን ያዘው። በምን ተክል ላይ ነበር፣ የትኛው ክፍል ላይ፣ እየበላ ነበር ወይስ አርፎ ብቻ። አልኮል ውስጥ ለሚገባው በእርሳስ ጻፍ፣ የእስክሪብቶ ቀለም ይለቃል።

ቀኑን ስትጽፍ ደግሞ የኛ ይሁን የፈረንጅ አቆጣጠር ግልጽ አድርግ። «2012» ብለህ ብቻ ብትተው የኛ 2012 የአንበጣው መንጋ ዓመት ነው፤ የፈረንጁ 2012 ደግሞ የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪው ቱታ አብሶሉታ አገራችን ውስጥ የተገኘበት ነው። አንድ መጤ ተባይ መቼ ገባ፣ በየት በኩል ገባ የሚለውን የምናውቀው ከእንዲህ ዓይነት ወረቀት ነው። የሰባት ስምንት ዓመት ስህተት ታሪኩን ያጠፋዋል።

ትሎችን ደግሞ ሁሉንም አትግደል። ጥቂቱን ከሚበሉት ቅጠል ጋር ዕቃ ውስጥ አሳድጋቸው፣ የእሳት ራቱ እስኪወጣ ጠብቅ። ብዙ ትሎች ዝርያቸው የሚረጋገጠው ካደጉ በኋላ ነው። ለማረጋገጫ የመምህርህን እርዳታ ጠይቅ፤ እሱ ካልቻለ አምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አሉ።

እንሰቱን የሚያጠወልገው የትኛው ነፍሳት ነው?

የገለጽከው ከሆነ ነፍሳት አይደለም፣ ባክቴሪያ ነው። ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ያወጣል። ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ በሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ዋናው አመላላሽ የራሳችን ቢላዋ ነው፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄድ በእሳት አግለው። የታመመውን ነቅለህ ቅበር። የቀረውን የግብርና ባለሙያ ጠይቅ።

ዝናብ ካቆመ በኋላ አምፖሉን የሚከቡት ባለክንፎች ጉንዳን ናቸው ወይስ ምስጥ?

አንዱን ያዙና ወገቡን እዩት። ቀጭን ወገብ፣ የታጠፈ አንቴና፣ የፊቱ ክንፍ ከኋላው የሚበልጥ ከሆነ ጉንዳን ነው። ወገቡ ወፍራም፣ አንቴናው ቀጥ ያለ፣ አራቱም ክንፎች እኩል ከሆኑ ምስጥ። እነዚህ አዲስ ጎጆ ለመመሥረት የወጡ ናቸው፤ እንጨት የሚበሉት ክንፍ የሌላቸው ሠራተኞች ናቸው። መብራቱን አጥፉት፣ ይሄዳሉ። ግድግዳው ላይ ወይም ምሰሶው ላይ ቀጭን የጭቃ መስመር ካያችሁ ግን በጣታችሁ ስበሩት፤ በማግስቱ ተጠግኖ ካገኛችሁት ውስጡ ሰው አለበት፣ ባለሙያ ጥሩ።