የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ምንን ይቃወማሉ? ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻና ስለ ሕግ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ፣ ወግ አጥባቂ የክርስትና መሪዎች በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትና ጋብቻ ላይ የሚያሰሙትን ተቃውሞ የሚመለከቱ ስለሆኑ፣ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቅርቤአቸዋለሁ። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ «የሃይማኖት አባቶች ተቃወሙ» ሲባል በየጊዜው እሰማለሁ። ሁሉም የሚሉት አንድ ዓይነት ነገር ነውን?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህን ልዩነት ካለማስተዋል የተነሣ ብዙ ክርክር ከንቱ ይቀራል። አንድ ጳጳስ ወይም ፓስተር ተቃወመ ሲባል ድርጊቱ ኃጢአት እንደሆነ ለምእመናኑ አስተምሮ ሊሆን ይችላል። በራሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ክህነት ለማን እንደሚሰጥ፣ ጋብቻ ለማን እንደሚፈጸም፣ ከየትኛዋ እኅት ቤተ ክርስቲያን ጋር ቅዱስ ቁርባን እንደሚካፈሉ ወስኖም ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ መንግሥት ሰዎቹን እንዲያስር ጠይቆ ይሆናል። አብዛኞቹ ወግ አጥባቂ መሪዎች በትምህርቱ ላይ ይስማማሉ፤ እስራቱ ላይ ሲደርሱ ግን ይለያያሉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በጥር 2023 ከአሶሺየትድ ፕሬስ ጋር ባደረጉት ቃለ መጠይቅ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን ትምህርት ሳይለውጡ፣ የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ያለው ሰው ሆኖ መገኘት ወንጀል እንዳልሆነና ኃጢአትና ወንጀል መለየት እንዳለባቸው ተናግረዋል። የኡጋንዳ የአንግሊካን ሊቀ ጳጳስ ስቴፈን ካዚምባ ግን በዚያው ዓመት የወጣውንና የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚቀጣውን የአገራቸውን ሕግ በምስጋና ተቀብለው፣ ያልተስማሙበት የሞት ቅጣቱ ብቻ እንደሆነና በምትኩ የዕድሜ ልክ እስራት እንደሚሻል ገልጸዋል።

በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እስራት ያስቀጣል። ያም ሆኖ በታኅሣሥ 2008 የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንትና የእስልምና መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥት ጭምር እንዲሰፍር ጠይቀዋል። የወንጀል ድንጋጌው ቀድሞውኑ ስለነበረ፣ ጥያቄያቸው ክፍተት ለመሙላት የቀረበ ሳይሆን ክልከላውን ወደፊት ማንም በቀላሉ ሊያነሣው ከማይችልበት ቦታ ለማኖር የታሰበ ይመስላል።

የራሴን አስተያየት ልደብቅ አልፈልግም። ትምህርቱን መስበክ የቤተ ክርስቲያን መብት ነው፤ ማንም ሊነጥቃት አይገባም። እስር ቤት መጠየቅ ግን ያንኑ ትምህርት የሚጎዳ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ካህኑ ከፖሊስ ጋር አብሮ እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ልቡን አይከፍትም።

ጥያቄ (ከሮም)፦ ቫቲካን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ፈቅዳለች ይባላል። እውነት ነውን?

መልስ፦ አልፈቀደችም። ታኅሣሥ 18 ቀን 2023 የወጣው ሰነድ ካህናት ከሥርዓተ አምልኮ ውጭ እንዲህ ያሉ ጥንዶችን እንዲባርኩ ቢፈቅድም፣ ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል ብቻ እንደሆነ ደግሞ አጽንቷል። ጩኸቱ ሲበረታ ቫቲካን በጥር 2024 ባወጣችው ማብራሪያ፣ የታሰበው ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ የሚወስድ አጭር ጸሎት እንደሆነ አስረዳች። የአፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤ ሰብሳቢ የነበሩት የኪንሻሳው ካርዲናል ፍሪዶሊን አምቦንጎም ከሳምንት በኋላ በላኩት ደብዳቤ፣ ይህ ቡራኬ በአህጉሪቱ አግባብ እንደማይሆን በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስምምነት አሳውቀዋል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የሰበካ ጉባኤ አባል)፦ ሕጉ እየጠበቀ ሄዶ ካህኖቻችን ሁለት ወንዶችን ወይም ሁለት ሴቶችን እንዲያጋቡ እንዳይገደዱ እንፈራለን። አዳራሻችንንም እናከራያለን። ምን ይሉናል?

መልስ፦ ካህናትዎን በሚመለከት ስጋት ሊገባችሁ አይገባም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 26 ቀን 2015 በኦበርገፌል ጉዳይ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በመላ አገሪቱ ሲያጸድቅ፣ ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ ሃይማኖቶች በዚህ ጋብቻ አለመስማማታቸውን በነጻነት ማስተማር እንደሚችሉ በዚያው ጽሑፍ ላይ አስፍረዋል። የእናንተ ግዛት ሜሪላንድ ደግሞ ይህን ጋብቻ የፈቀደችው ቀደም ብላ በ2012 ሕዝበ ውሳኔ ሲሆን፣ ሕጉ ራሱ ካህናትን ከማንኛውም ግዴታ ነጻ ያደርጋል። በታኅሣሥ 2022 የጸደቀው የፌዴራል የጋብቻ አክብሮት ሕግም የሃይማኖት ድርጅቶች ለሰርግ አገልግሎት፣ ቦታ ወይም ዕቃ እንዲያቀርቡ እንደማይገደዱ፣ በሕጉም ምክንያት ከግብር ነጻ የመሆን መብታቸውን እንደማያጡ ይናገራል።

በ2015 በኬንተኪ ለጥቂት ቀናት የታሰሩትን ኪም ዴቪስን የሚያነሡ ይኖራሉ። እርሳቸው ካህን አልነበሩም፤ የጋብቻ ፈቃድ እንዲሰጡ የተመረጡ የካውንቲ ጸሐፊ ነበሩ፤ የታሰሩትም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ባለመፈጸማቸው ነው። መንግሥት በራሱ ሹም ላይ ያለውን ሥልጣን በመቅደስ በሚያገለግል ካህን ላይ የለውም።

ይሁን እንጂ ፍርሃታችሁን ከንቱ ነው ብዬ አላቃልለውም፤ መነሻ አለውና። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 ቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎቹ መካከል የዘር ቅይጥ ጓደኝነትን በመከልከሉ ከግብር ነጻ የመሆን መብቱን ማጣቱ ተገቢ ነው ብሎ ነበር። በ2015ቱ ክርክር ላይ የመንግሥቱ ጠበቃ ይኸው በሌሎች ተቋማት ላይ ሊደርስ ይችል እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ጉዳዩ አነጋጋሪ መሆኑ እንደማይቀር አምነዋል። ብዙ ፓስተሮች ያን መልስ እስከ ዛሬ አልረሱትም።

በእርግጥ ልትጠነቀቁበት የሚገባው አዳራሹ ነው። በኒው ጀርሲ ኦሽን ግሮቭ የሚገኝ አንድ የሜቶዲስት ማኅበር፣ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ የግብር ጥቅም ያገኘበትን የባሕር ዳር መሰብሰቢያ በ2007 ለሁለት ሴቶች ሥነ ሥርዓት አላከራይም በማለቱ ተከሶ በ2012 ተረትቷል። ስለዚህ አዳራሹን ለአባላታችሁና ለቤተ ክርስቲያኒቱ አገልግሎት ብቻ የምታውሉት ከሆነ ይህን በመተዳደሪያ ደንባችሁ በግልጽ ጻፉ። ለልደትም ለምርቃትም ለከፈለ ሁሉ የምታከራዩት ከሆነ ግን፣ ከመጪው ውል በፊት የግዛታችሁን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ። እስከማውቀው ድረስ በብዙ አጥቢያ የአዳራሹ ኪራይ የሚፈጸመው ያለ ምንም ጽሑፍ ነው፤ ክስ ቢመጣ ለክርክር የማይመቸው እንዲህ ያለው አሠራር ነው።

ጥያቄ (ከካምፓላ)፦ እዚህ አንዳንዱ «ሕጉን ያመጡት አሜሪካውያን ፓስተሮች ናቸው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ግብረ ሰዶምን ያመጡት ነጮች ናቸው» ይላል። የትኛውን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱም አባባሎች ኡጋንዳውያንን በራሳቸው ጉዳይ ተመልካች ስለሚያደርጓቸው እጠራጠራቸዋለሁ። የአሜሪካውያኑ እጅ መኖሩ አይካድም። በመጋቢት 2009 አሜሪካዊው ፓስተር ስኮት ላይቭሊና ሁለት የአገሩ ሰዎች ካምፓላ ላይ ለሦስት ቀናት አስተምረዋል፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት የምክር ቤት አባል ዴቪድ ባሃቲ የሞት ቅጣት ያለበትን ረቂቅ አቅርበዋል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ረቂቁ ከክርስትና ጋር እንደማይስማማ ለኡጋንዳ ፓስተሮች በቪዲዮ መልእክት የተናገሩት ሪክ ዋረንም አሜሪካዊ ወግ አጥባቂ ፓስተር ናቸው። ድርጊቱን ወንጀል ያደረገው የመጀመሪያው ሕግ ደግሞ የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ጽፈው የተዉት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የአገሬው ቤተ ክርስቲያን የራሷ ትዝታ አላት። ከ1885 እስከ 1887 በንጉሥ ምዋንጋ ትእዛዝ የተገደሉት የኡጋንዳ ሰማዕታት ብዙዎቹ የቤተ መንግሥት ወጣት አገልጋዮች ሲሆኑ፣ ለንጉሡ የሥጋ ፈቃድ እምቢ በማለታቸው ጭምር እንደሞቱ ለምእመናን ይተረካል። በየዓመቱ ሰኔ 3 ቀን ናሙጎንጎ ላይ ሕዝብ የሚጎርፈው ለእነርሱ ነው። ይህን በልጅነቱ የሰማ ጳጳስ ተቃውሞን ከውጭ ሰባኪ መማር አያስፈልገውም። አስተውሉ፤ በታሪኩ ውስጥ ሥልጣን የያዘውና የገደለው ንጉሡ ነው። ከባሃቲ ረቂቅ የወጣው የ2014ቱ ሕግ በምልዓተ ጉባኤ ጉድለት በፍርድ ቤት ተሰርዞ ነበር፤ የ2023ቱ ግን በሚያዝያ 2024 ከጥቂት አንቀጾች በቀር ጸንቷል።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ፣ እናት)፦ የ17 ዓመት ወንድ ልጄ ወንዶችን እንደሚወድ ነገረኝ። ፓስተራችን «ወደ ኢትዮጵያ ላኪው፤ ጸሎት ቤት ገብቶ ይፈወሳል» አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ እባክዎ አይላኩት። በመጀመሪያ ሕጉን ልንገርዎ፦ ካናዳ ከጥር 2022 ጀምሮ የሰውን ዝንባሌ ለመለወጥ ተብሎ የሚደረግ ማንኛውንም ሕክምና፣ አገልግሎት ወይም ልምምድ በወንጀል ትቀጣለች፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ለዚሁ ሲባል ከአገር ማውጣትም እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። የሚልኩትም ድርጊቱ በእስራት ወደሚያስቀጣበት አገር ነው።

ሕጉ ባይኖርም መልሴ ይኸው ነበር። ክርስቲያኖች ይህን መንገድ ለአሥርተ ዓመታት ሞክረውታል። ከእነርሱ ትልቁ የነበረው ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል በ1976 በአሜሪካ ተቋቁሞ በ2013 በሩን ሲዘጋ፣ መሪው አለን ቻምበርስ በአገልግሎቱ የተጎዱትን ይቅርታ ጠይቋል፤ ካገኛቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል የሁሉም ዝንባሌ እንዳልተለወጠም መስክሯል። ይህን ያለው እምነቱን የካደ ሰው አይደለም። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበርም በ2009 ጥናቶቹን መርምሮ፣ ዝንባሌ በዚህ ዓይነት ጥረት ይለወጣል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አለመኖሩን አስታውቋል።

የቤተ ክርስቲያንዎን ትምህርት ይተዉ አልልዎትም፤ ያ የእርስዎና የኅሊናዎ ጉዳይ ነው። ልጅዎ ግን ይህን የነገረዎ ስላመነዎት ነው። ሌላ ሰው በተለይም ዘመድ ሳይሰማ፣ እርሱ ሳይፈቅድም ለማንም ሳይናገሩ፣ ቀስ ብለው ያዳምጡት። ከቤት የመውጣት ሐሳብ ካለው ወይም ሕይወቱን ስለማጥፋት የሚናገር ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪም ያሳዩት። ፓስተሩንም በትሕትና «ስለምክርዎ አመሰግናለሁ፤ ልጄ አብሮኝ ይኖራል» ማለት ይበቃል።

ጥያቄ (ከአቴንስ)፦ ግሪክ ሕጉን ስታጸድቅ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለምን ዝም አለች?

መልስ፦ ዝም አላለችም፤ ቅዱስ ሲኖዶሷ ተቃውሞውን በደብዳቤ በየአጥቢያው አስነብቧል። ምክር ቤቱ ግን የካቲት 15 ቀን 2024 በ176 ድምፅ አጽድቆታል። ሕጉ በማዘጋጃ ቤት የሚፈጸመውን ጋብቻ እንጂ ሥርዓተ ተክሊልን አይነካም።

ጥያቄ (ከነቀምቴ)፦ መካነ ኢየሱስ ወንጌል ካመጡልን ስዊድናውያን ጋር ኅብረቷን ማቋረጧ ውለታ መርሳት አይሆንም? ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ነው የሚሉም አሉ።

መልስ፦ የውለታው ታሪክ እውነት ነው። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች በ1866 ምጽዋ የገቡት ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ለመድረስ ተስፋ አድርገው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም በ1959 ስትቋቋም ከመሠረቶቿ አንዱ የእነርሱ ድካም ነው። በ2009 ግን የስዊድን ቤተ ክርስቲያን የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ማጋባት ጀመረች፤ የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ዓመት በእንዲህ ያለ ዘላቂ ግንኙነት የሚኖሩ ሰዎች በቅስና እንዲያገለግሉ ፈቀደች። በ2013 መጀመሪያ የመካነ ኢየሱስ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ቄስ ዶክተር ዋቅስዩም ኢዶሳ ፕሬዚዳንት በነበሩበት ወቅት፣ ከሁለቱም ጋር የነበረው ኅብረት እንዲቋረጥና በየትኛውም ደረጃ ያሉ አገልጋዮቿ ከእነርሱ ጋር ቅዱስ ቁርባን እንዳይካፈሉ ወሰነ።

የገንዘቡን ነገር በተመለከተ ግምቱ የተገለበጠ ይመስለኛል። የአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት የሚቃወሙት የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ስለሚከፍሏቸው ነው ለሚሉ ሰዎች ይህ ጉዳይ አይመችም፤ መካነ ኢየሱስ የተለየችው ለአሥርተ ዓመታት ከረዷት ነበርና። በዚያን ጊዜ ከ6 ሚሊዮን በላይ አባላት ነበሯት፤ የአሜሪካዋ አጋሯ 4 ሚሊዮን ገደማ ነበሯት። ለጋሾችን «አይሆንም» ማለትም በ2013 የተጀመረ ልማድ አይደለም። በ1972፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ ምዕራባውያኑ ለልማት ሲሰጡ ለወንጌል ሥራ መንፈጋቸውን ነቅፋ፣ የሚያስፈልጋትን የምታውቀው እርሷ እንጂ ሰጪው እንዳልሆነ አስታውቃለች።

ከውሳኔው ወዲህ በ2010 ከተመሠረተችው ወግ አጥባቂ የሰሜን አሜሪካ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር ግንኙነቷን አጠናክራለች። ከሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ግን አልወጣችም። የስዊድን ቤተ ክርስቲያንም የዚያው ፌዴሬሽን አባል ስለሆነች፣ ሁለቱ በጉባኤ በአንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ፤ ወደ ቅዱስ ቁርባን ግን አብረው አይቀርቡም።